አባ መዝን የበሩን ቁራጭ ብረት በቀዝቃዛና በሙቅ ውኃ የመዘኑበት ዜና

ስምዑ ወለብዉ፤ ስሙ፣ ልብም በሉ። በዘመነ ሣልስ ቀለም፣ ይኸውም የቤቱ የብረት በር መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በሦስተኛውም አረንጓዴ በተቀባበት ዘመን፣ የፊዚክሱ መምህር ሚስት ባገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ እመቤቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና ወሯ በገባበት ወራት፣ ፀሐይ ከቀትር አልፋ ከበሩ ፊት ለፊት በቆመችበት በዘጠኝ ሰዓት፣ ያ በር አልከፈትም አለ። መምህሩ በእጃቸው ገፉት፣ አልሰማም፤ በትከሻቸው ገፉት፣ አልሰማም፤ እግራቸውንም አንሥተው ቢረግጡት ጠርዙ እንደ ቁስል ፕላስተር ጭርር ብሎ ተላቀቀና ባንድ ጊዜ ወለል አለ፣ ጌታችንም ከነቦርሳቸው ተከትለውት ገቡ። በአፍ ጢማቸው ተደፉ ብለው የሚያወሩ አሉ። እኛ ግን በግርማ ገቡ ብለን ጽፈናል።

እኒህ መምህር በተማሪዎቻቸው ዘንድ አባ መዝን ይባላሉ። የፈረስ ስም እንዳይመስላችሁ፤ ፈረስ የላቸውም፣ የነበራቸውም ብስክሌት ጎማዋ ከተነፈሰ ቆይቷል። ተማሪ ሁሉ «ይመስለኛል» ባለ ቁጥር «አይምሰልህ፣ መዝን!» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሽንኩርት ሲገዙ ሻጭዋን ስለ ሚዛኗ ያስተምሯታል፤ ሚስታቸው ሻይ ስታቀርብላቸው ከመቅመሳቸው በፊት ስንት ዲግሪ ይሆን ብለው ይገምታሉ፤ ግምታቸውም ብዙ ጊዜ ምላሳቸውን አቃጥሏል። ኀያል፣ ጠቢብ፣ ማስረጃ አፍቃሪ፣ የሠንጠረዥ ወዳጅ፣ የብሩሽ ጌታ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ማዕረግ ልብ ብላችሁ ያዙልን።

የበሩ ሠሪ ደግሞ አማታቸው፣ የሰፈሩ ብረት በያጅ፣ አባ ብልጭ ናቸው። እኒህ ሰው በር ሲገጥሙ ሜትር አይዙም፤ ከሸሚዛቸው ኪስ ከመታሸት ብዛት ምስሉ የጠፋ አንድ ሳንቲም ያወጡና በበሩና በመቃኑ መካከል ባለው ክፍተት አስገብተው ዙሪያውን ያንሸራትቱታል። ሳንቲሙ የትም ሳይያዝ ከዞረ በሩ ተገጠመ ይላሉ፤ አንድ ቦታ እንኳ ከተያዘ ማጠፊያውን ፈትተው እንደ ገና ይጀምራሉ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ያለቻቸው ልጅ ይህች እመቤት ብቻ ናት። ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ በዚያው በር ገብተው፣ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ስላልተወለደው ልጅ ልክ ጓዳ የተኛ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁ ነበር። የቤቱ ሰላም ይህ ነበር።

ወኮነ በውእቱ ዕለት፣ በዚያው ጌታችን በግርማ በገቡበት ቀን ማታ፣ አማታቸው እንደ ልማዳቸው ቢመጡ መምህሩ ክርናቸውን እያሹ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። እንደምን አመሹ እንኳ ሳይሉ ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ጋሼ፣ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ይሄ በር ሲገጠም ለሙቀት የሚሆን ቦታ አልተተወለትም። የአሠራር ስሕተት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አልተመለሰም። አባ ብልጭ በሩን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ፣ ከኋላ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ፤ እጃቸው ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ሄዶ ሳንቲሙን ነካና ባዶውን ተመለሰ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። እንዲህም ብለው አወጁ፦

«ልጄ፣ በር መግጠም የማላውቅ ሰው ከሆንኩ፣ ባበላሸሁት በር ገብቼ አልቀመጥም። ደኅና እደሩ።»

ከዚያች ማታ ጀምሮ ዘመነ መስኮት ሆነ። አባ ብልጭ መምጣቱን አልተዉም፣ መግባቱን ግን ተዉ፤ በመስኮቱ በኩል ይቆሙና በገዛ እጃቸው በሠሩት የብረት ፍርግርግ መካከል ብርቱካን አንድ በአንድ ያሾልካሉ፣ ልጃቸውም አንድ በአንድ ትቀበላለች፣ ወንበሯም በሩ ሥር ባዶዋን ትውላለች። እመቤቲቱ አባቷ ከሄዱ በኋላ ብርቱካኖቹን ሳትልጥ ታቅፋ ስትቀመጥ መምህሩ ያዩ ነበር፤ አንጀታቸውንም በላቻቸው፤ ነገር ግን አንጀት ማስረጃ አይደለም ብለው የተማሪ ወረቀት ማረማቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ እመቤቲቱ ከኩሽና ወጥታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ አንዱን ሆዷ ላይ አድርጋ ይህን አዋጅ አስነገረች፦

«ስማ አንተ ሰውዬ! አባቴ የማይገባበት በር ልጄም አይገባበትም። ስወልድ ከሆስፒታል የምሄደው ወደ አባቴ ቤት ነው። ወይ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው፣ ወይ እኔንም ልጅህንም በመስኮት ታስገባናለህ!»

እንግዲህ በመምህሩ ፊት ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ወደ አማታቸው ብየዳ ቤት የሚወስደው ነው፤ ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ በእግር ቢሄዱት ላብ እንኳ አያወጣም፣ በመጨረሻውም የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሁለተኛው ረጅም ነው፣ ሚዛን ይፈልጋል፣ ድስት ይፈልጋል፣ ሒሳብ ይፈልጋል። ጌታችን ሁለተኛውን መረጡ። ብረቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ በቁጥር ባሳያቸው አማቴ ቁጥሩን አይተው፣ ስቀው፣ እጄን ይጨብጡኛል ብለው ከልባቸው አምነው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ልጅ ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ይህን ማመናቸው እስከ ዛሬ ይደንቀናል። ወአወጁ፦

«ይቅርታ ያለ ማስረጃ ባዶ ነው! ብረቱ ይመዘናል!»

ወእምዝ ክተት ሆነ። ከትምህርት ቤታቸው ሚዛን አስፈቅደው፣ በሚኒባስ ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ!» እያሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ ሕፃን የያዙ መስሏቸው ቦታ እየለቀቁላቸው፣ በድል ቤታቸው ገቡ። ቅዳሜም ከምሳ በኋላ ሠራዊቱ በኩሽና ተሰለፈ። የተሰለፈውም ይህ ነው፦ ቀድሞ ገብቶ የውኃውን ሙቀት የሚሰልል ፊታውራሪ ቴርሞሜትር፤ ከእመቤቲቱ የስፌት ሳጥን በግዳጅ የተመለመለ ቀኛዝማች ክር፤ አንድ ጆሮው የወለቀ፣ የብዙ ሾርባ አርበኛ ግራዝማች ድስት፤ ሲፈልግ የሚግል ሳይፈልግ የሚቀዘቅዝ፣ ልቡ የማይታመን መኰንን የኤሌክትሪክ ምድጃ፤ በሁለት ወንበር መካከል በተጋደመ ሳንቃ ላይ በክብር የተቀመጠ፣ በፍርድ የማያዳላ አፈ ንጉሥ ሚዛን። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው ድመቲቱም ነበረች። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋም መርፌ ልዋስ ብላ ገብታ ነገሩን ባየች ጊዜ መርፌውን ረስታ ቀረች፤ እርሷ ካለች ደግሞ ነጋሪት አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ደጃዝማች ቁራጭ ነበር። ይህ አባ ብልጭ በሩን ሲሠሩ የተረፋቸው የብረት ጫፍ ነው፤ ቱቦላሬ የሚሉት ዓይነት፣ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ክፍት፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነፋስ በሩን እንዳያላጋው ሥሩ እየተጎለተ ደጁን ሲጠብቅ የኖረ ስለ ሆነ ማዕረጉ በሥራው የተገኘ ነው። ከበሩ ሥጋ የተቆረጠ ነውና እርሱ የሚሰፋውን ያህል በሩም ይሰፋል። መምህሩ አጥበው፣ አድርቀው፣ በክር አስረው ከሚዛኑ ሆድ ሥር ካለው መንጠቆ ሰቀሉት፤ በሳንቃው ቀዳዳ ሾልኮ ድስቱ ላይ ተንጠለጠለ።

የጦርነቱ ጥበብ ይህ ነበር። ብረት ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ውኃው ወደ ላይ ስለሚገፋው ይቀልላል፤ የቀለለበትም መጠን ብረቱ ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ ይናገራል። እንግዲያስ በቀዝቃዛ ውኃ መዝነው፣ ውኃውን አሙቀው እንደ ገና ቢመዝኑት፣ የሰፋ ብረት ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ ቦታ የያዘም የበለጠ ይቀልላል፤ ከልዩነቱ የበሩ ወንጀል ይገለጣል ማለት ነው። ጌታችን ይህን ለልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አስረዷት። በሁለተኛው ጊዜ ድመቲቱ ተኛች።

በቀዝቃዛው ውኃ መዘኑ፣ ጻፉ። ምድጃውን አበሩ፤ እንፋሎቱ ወደ አፈ ንጉሥ ሆድ እንዳይገባ በእመቤቲቱ ፌስታል ጠቀለሉት፤ ቴርሞሜትሩ ሰማንያን ሲነካ መዘኑ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደ ገና አነበቡ። ኦ ዘይገርም ነገር! ብረቱ በሙቁ ውኃ ውስጥ በመቅለል ፈንታ ከብዷል። ከከበደ የያዘው ቦታ አንሷል፤ ቦታው ካነሰ ብረቱ ሲሞቅ ጠቧል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርሳቸው ግን ለመልቀም እንኳ ጊዜ ሳይወስዱ «ብረት ሲሞቅ ይጠብባል!» ብለው ለኩሽናው ሕዝብ አወጁ። እመቤቲቱ ካልሲ እያጣጠፈች ከወዲያኛው ክፍል አጭር የመልስ አዋጅ አወጣች፦

«ከጠበበማ በሩ በነፋስ ይከፈት ነበራ! አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ኩሽና ውስጥ የምትጠጣው ውኃውን ነው ወይስ ሌላ ነገር?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በክንዷ ይዛ ትንፈራገጥ ጀመር። ይህ ክፍል እንዳይጻፍ ጌታችን አደራ ብለውን ነበር። አደራውን በላን።

ረድኤት ግን ከግራዝማች ድስት መጣ። ቀዝቃዛ ሳለ እስከ አፉ ጢም ተደርጎ የተሞላው ድስት ጠብታ ሳይጨመርበት፣ ሳይፈላም፣ ዳር ዳሩን እየፈሰሰ ምድጃው ላይ ቸስ ይል ጀመር። መምህሩ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ሲመቱት ድምፁ ድመቲቱን ቀሰቀሳት። ለካ ውኃውም ይሰፋል! የሰፋ ውኃ ደግሞ ይሳሳል፤ የሳሳ ውኃ ብረቱን እንደ ቀድሞው አጥብቆ ማንሣት አይችልም፤ ብረቱ የከበደው ጠብቦ ሳይሆን ተሸካሚው ደክሞ ነው። ይህን በየዓመቱ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ያስተምሩታል። የመማሪያውን መጽሐፍ የኋላ ገጽ ገልጠው ውኃ በየሙቀቱ ምን ያህል እንደሚሳሳ የሚናገረውን ሠንጠረዥ አገኙ፤ አባዙ፣ አካፈሉ፣ ጠቅላላውን መስፋት ለአንድ አቅጣጫ እንዲሆን በሦስት ከፈሉ፣ በበሩ ወርድ አባዙ። የወጣውንም ባዩ ጊዜ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በሩ በከሰዓት ፀሐይ የሚሰፋው ከሳንቲም ውፍረት ይበልጣል!

«በሩ ጥፋተኛ ነው! ክፍተቱ አይበቃም! ቁጥሩ ይኸው፣ የፈለገ ይምጣና ይመርምር!»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ወደ ብየዳ ቤቱ ልትሮጥ ተነሣች፤ ብረት መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነውና። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ገባች። ካልሲዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ የጻፉትን ቁጥር ሳታይ፣ ባሏንም ሳታይ እንዲህ አለች፦

«ቆይ፣ አትሂጂ። እሺ አሸነፍክ። ግን ለአባቴ የምነግረው እኔ ነኝ። በር መሥራት አልቻልክም መባልን ከሰው አፍ እንዳይሰማ።»

ሄዳም አባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ከሳቅ እንዳለፈ ገባትና ቀስ ብላ ወጣች። መምህሩ ብቻቸውን ከድል ጋር ቀሩ። ድሉም አፋቸው ውስጥ ጣዕም አልነበረውም፤ ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑና ሠራዊቱን ለመበተን ወደ ድስቱ ጎንበስ አሉ።

በዚያን ጊዜ አዩት። ውኃው ሲሞቅ በውስጡ ተደብቆ የነበረ አየር ወጥቶ ደጃዝማች ቁራጭ ሆድ ውስጥ ገብቷል፤ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተደርድሯል፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል ወፍራም አረፋ ተመቻችታ ተቀምጣለች። አረፋ ያነሣል። ብረቱ የሰፋ የመሰለው ግማሹ፣ ከግማሹም የሚበዛው፣ ነፋስ ነበር።

ይህችን አረፋ ከእርሳቸው በቀር ያየ ፍጡር አልነበረም። ሚስታቸው ግድግዳ ታያለች፣ ጎረቤቲቱ ሄዳለች፣ ድመቲቱ ሳይንስ አልተማረችም። ውኃውን ወደ ማጠቢያው ቢደፉት አረፋዋ ከነምስክርነቷ ትጠፋለች፤ የጻፉት ቁጥር ይጸናል፤ አማታቸው እስከ ዕድሜ ልካቸው የተሳሳቱ ይሆናሉ፣ እርሳቸውም ያልተሳሳቱ። ጌታችን የድስቱን አንድ ጆሮ በጨርቅ ይዘው ቆሙ። ብዙ ቆሙ። እጃቸው ድስቱን ከፍ አደረገ፣ መልሶም አስቀመጠ። በዚያው ሳምንት እኮ አረፋ ሳያራግፍ የመዘነ ተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም «ዓይን የለህም?» ብለው ጽፈው ነበር። በዜና መዋዕል ሁሉ ብዙ ጦርነት ተጽፏል፤ አንድ ሰው በገዛ ኩሽናው ከአንዲት አረፋ ጋር የተዋጋው ይህ ግን ለእርሳቸው ከባዱ ነበር።

ወእምዝ ሹካ አነሡ። ውኃውን እንደ ገና ወደ ሰማንያ አድርሰው፣ ደጃዝማቹን በሹካው ጫፍ ቀስ ብለው አዘነበሉት፤ አረፋይቱም ከቱቦው ወጥታ ቡልቅ ብላ ፈረጠች። ጥቃቅኖቹንም አንድ ሳያስቀሩ ጠረጉ። ብረቱ ያለ ነፋስ ድጋፍ ሲቀር ከበደ፣ ሚዛኑም አዲስ ቁጥር ፈረደ። ሠንጠረዡን አዩ፣ አባዙ፣ አካፈሉ። በሩ በሙሉ የከሰዓት ፀሐይ የሚሰፋው የሦስት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። መቃኑም ብረት ስለ ሆነ አብሮ ይሰፋል እንጂ ቆሞ አይጠብቀውም። አማታቸው የተዉት ክፍተት ለዚህ በር ብቻ ሳይሆን ለምድጃ በርም በበቃ ነበር።

እንግዲያስ በሩን የያዘው ማን ነው? ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበርና ወጥተው ከበሩ ፊት ቆሙ፤ ሳንቲም ከኪሳቸው አውጥተው አማታቸው እንደሚያደርጉት ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ። በማጠፊያው በኩል፣ ብሩሽ ባልደረሰበት፣ ሳንቲሙ እየተንሸራተተ ወረደ። በእጀታው በኩል ሲመጣ ግን ቀጥ አለ። ቢስቡት አልመጣም፤ በጥርሳቸውም ሞከሩ፣ ይህም እንዳይጻፍ ተብሎ ነበር። ሲላቀቅ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር ግራጫ። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ተደራርቦ፣ የተንጠባጠበውም ሳይጠረግ ቀርቶ፣ ፀሐይ ሲመታው እየለሰለሰ በሩን ከመቃኑ ጋር የሚያጣብቀው እርሱ ኖሯል። ብሩሹን ሦስቱንም ጊዜ የያዘው እጅ ደግሞ የአባ መዝን ነበር። አማታቸው በሩን ገጥመው ሲሄዱ «ፊቱን እንደ ፈለግህ ቀባ፣ ጠርዙን ግን ቀለም እንዳታስነካው» ማለታቸው አሁን ትዝ አላቸው። እርሳቸው ግን በሩ ሲከፈት ጠርዙ ያስቀይማል ብለው ቀቡት፣ ደግመው ቀቡት፣ ሠለሱት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ በገዛ ብሩሻቸው የዘጉትን በር በሰው ሙያ አሳበቡበት። ሰውነታቸው ሁሉ አፈረ።

ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በአንድ እጃቸው ውኃ የሚያንጠባጥበውን ደጃዝማች፣ በሌላው አረንጓዴውን ሳንቲም ይዘው፣ ሸሚዛቸው በእንፋሎት እንደ ረጠበ፣ ዳቦ ቤቱን አልፈው ወደ ቀኝ ታጠፉ። አባ ብልጭ ከደጃፋቸው ላይ የመስኮት ፍርግርግ ዘርግተው፣ ጭንብላቸውን አጥልቀው፣ በማሽን ብረት ይቆርጡ ነበር፤ ፍንጣሪው ይዘንባል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይሰነጥቃል። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቢናገሩ አልተሰሙም፤ ከፍ ቢያደርጉ አልተሰሙም፤ በመጨረሻ የሳንባቸውን ኃይል ሁሉ አውጥተው ሲጮኹ ማሽኑ በዚያችው ቅጽበት ጠፋ። ስለዚህ የሚከተለውን አዋጅ መንገዱ ሁሉ፣ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈውም ሕዝብ ጭምር፣ ጥርት አድርጎ ሰማ፦

«ጋሼ! በሩ ጥፋት የለበትም! ጥፋቱ የኔ ነው! ጠርዙን የቀባሁት እኔ ነኝ! ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

ሰልፉ ዞሮ አየ። ጌታችን ግን ከገቡ አይቀር ብለው ሁሉንም ተናገሩ፤ የውኃውን መስፋት፣ የሠንጠረዡን ነገር፣ የሐሰቱን ድል፣ አረፋዋን፣ እርሷን ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዳላያት፣ ድስቱን ይዘው ምን ያህል እንደ ቆሙ። አባ ብልጭ ጭንብላቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስለ አረፋዋ ሲሰሙ ዓይናቸው ለስለስ አለ። ያቺን ቁራጭ ብረት ከእጃቸው ተቀብለው፣ ገልበጥ አድርገው፣ ውስጧን አይተው፣ እንዲህ ብለው ፍርድ ሰጡ፦

«እኔ ይቅርታህን የፈለግኩት በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ውኃ ማፍላት አያስፈልገውም ነበር። ያቺን አረፋ ማራገፍህን ግን ወድጄዋለሁ። ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ ብሩሽ በእጅህ እንዳላይ!»

መፋቂያና የብርጭቆ ወረቀት ይዘው አብረው መጡ። አማት ፋቁ፣ አማች የተፋቀውን ጠረጉ ሊባል ይገባል፤ ጌታችን መጥረጊያ ይዘው ጎንበስ ብለው ነበርና። ግራጫው እስኪጠፋ፣ ብረቱ ራሱ እስኪያበራ ፋቁት። ሲጨርሱም አባ ብልጭ ከሸሚዛቸው ኪስ ያችን ምስሏ የጠፋ ሳንቲም አውጥተው ለአማቻቸው ሰጧቸው፤ ማንም ነክቷት አያውቅም ነበር። መምህሩ በሁለት ጣታቸው ይዘው አስገብተው አንሸራተቷት፤ ሳንቲሟ የትም ሳትያዝ ዙሪያውን ዞረች። አባ ብልጭ እግራቸውን ወደ ደጃፉ ሊያነሡ ሲሉ በሩ ከውስጥ ተከፈተና እመቤቲቱ መቃኑን ይዛ ቆመች። አባቷን አየች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ወዲያውም ፊቷ ተጨማደደ፦

«አባዬ! እንኳን መጣህልኝ! በሩን ተዉትና ታክሲ ጥሩ! መጣ፣ መጣ!»

ስለዚህ አባ ብልጭ በዚያች ቀን አልገቡም፤ ሁሉም በሩን እንደ ተከፈተ ትተው ሮጡ። ደጃዝማች ቁራጭ ብቻውን ደጁን ጠበቀ።

ወእምድኅረዝ፣ በዘመነ ሕፃን በመጀመሪያይቱ ሳምንት፣ እመቤቲቱ ሴት ልጅ ታቅፋ ከሆስፒታል ወጣች፤ ታክሲውም ወደ አባቷ ቤት ሳይሆን ወደ ቤቷ አመራ። በመንገድም ሚዛኑ ዛሬውኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለስ ብላ አወጀች፣ ባሏ ልጅቷን ውኃ ውስጥ እንዳያጠልቃት ፈርታ። ሰዓቱ ዘጠኝ፣ ፀሐዩም በሩ ፊት ለፊት ነበር። አያት ሕፃኗን ተቀብለው ታቅፈዋል፤ መምህሩ ከልማድ የተነሣ ከኋላ ተንደርድረው ትከሻቸውን ለበሩ ሰጡ። በዚያችው ቅጽበት አባ ብልጭ ከሕፃኗ ፎጣ ሥር አንድ ጣታቸውን ዘርግተው በሩን ነካ አደረጉት። በሩ ወለል አለ። ጌታችንም ከሁሉ ቀድመው፣ ከነቦርሳቸው፣ በግርማ ገቡ።

እመቤቲቱ የተሰፋችበትን ሆዷን ይዛ «አታስቁኝ!» እያለች ሳቀች። አያትም ከልጅ ልጃቸው ጋር በአማቻቸው ላይ ተሻግረው ገቡና በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ማስቀመጫ ጉልበት ስላጡ ልጃቸው ተቀበለቻቸው።

ስብሐት ለአባ መዝን! ብረትን በእሳትና በውኃ ለመረመሩ፣ ነፋስን በሹካ ለወጉ፣ በሰልፍ በቆመ ሕዝብ ፊት በራሳቸው ላይ ለፈረዱ፣ በአንድ ደጃፍ ሁለት ጊዜ በግርማ ለገቡ ስብሐት ይሁን። ማንም ያላያትን አረፋ ስላዩ ስማቸው ከዘመን ዘመን ይጠራ። ይህን ዜና ስንጽፍ ጌታችን ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ክርናቸውን እያሹ፣ ቀና ብለው አማታቸውን ያዩ ነበር። አማታቸውም ሕፃኗ ጓዳ ሳይሆን ክንዳቸው ላይ የተኛች ስለ ሆነ ድምፃቸውን ከቀድሞውም ዝቅ አድርገው ያንሾካሽኩላት ነበር።